አንዴ ተጠይቆ የሚነሣ ሳህን

ይሄነው ደርበው ቆሰበር ከተማ ዳር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሲያሠራ ሁለተኛው ክፍል ለማን እንደሆነ ለአናጢው አልነገረውም። አናጢው ግን ገብቶታል። አልጋው ዝቅ ብሎ እንዲሠራ የታዘዘው ጉልበቱ ለደከመ ሰው ነው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ የዞረው ማለዳ ተነሥቶ ለሚጸልይ ሰው ነው። ከበሩ ጀርባ የተመታው ትልቅ ሚስማር ጋቢ ለሚሰቅል ሰው ነው። አልጋው ላይ የተነጠፈው ወፍራም ግራጫ ብርድ ልብስ ከባሕር ማዶ በሻንጣ የመጣ ሲሆን በአካባቢው እንደ እርሱ ያለ አልነበረም። ይህ ሁሉ ከተሰናዳ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። በአልጋው ላይ ግን አንድም ሰው አልተኛበትም።

ክፍሉ የተሠራው ለአባቱ ለአቶ ደርበው ነበር። አቶ ደርበው ጥርባ አካባቢ፣ ይሄነው በተወለደበት ቤት፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ጊዜ ጀምሮ ብቻቸውን ይኖራሉ። ይሄነውም ቆሰበር ውስጥ ብቻውን ይኖራል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ይሄነው አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ዳንግላ ተምሮ፣ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥቦ፣ ዱባይ በአስተናጋጅነት ሠርቶ፣ በመጨረሻ በአንድ ትልቅ የመንገደኞች መርከብ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል። መርከቡ ዕቃ የሚጭን አይደለም፤ የሚጭነው ሽርሽር የወጡ ሀብታሞችን ነው። ሦስት ሺህ ሰው ይሳፈርበታል። ምግቡ በቲኬቱ ውስጥ ተከፍሎበታል፤ አሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ ያለችው ትንሽ ምግብ ቤት ግን ለብቻዋ ታስከፍላለች። ይሄነው የሠራው እዚያ ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ቁርስና ምሳን አንድ ላይ ያደረገ፣ ብራንች የሚሉት ማዕድ ይቀርባል። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ የሻይ ሰዓት ይጀምራል። ሻዩ ብቻውን አይመጣም። ሦስት ሳህን በአንድ ዘንግ ላይ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድሮ ይቀርባል፤ ከታች እንደ አውራ ጣት የቀጠኑ ሳንድዊቾች፣ ከመካከል ትንንሽ ትኩስ ዳቦ ከቅቤና ከማርማላታ ጋር፣ ከላይ ኬክ። በመስታወቱ በኩል ባሕሩ ይታያል። አስተናጋጁ የሚተኛው ግን ከውኃው ወለል በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ነው።

በመርከቡ ላይ ከሃምሳ አገር የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው አማርኛ የሚችል አልነበረም፤ የአገሩን አዊኛ የሚችልማ ጨርሶ አይታሰብም። ይሄነው ጢሙን ሲላጭ ለመስታወቱ በአማርኛ ደኅና አደርክ ይል ነበር፤ ድምፁን እንዳይረሳው። አባቱ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጥተው፣ ከጎረቤታቸው ከድረስ በተዋሱት ስልክ ያናግሩት ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ፈጽሞ አይቀርም ነበር። ባሕሩ ላይ ስትሆን መሬቱ ወዴት እንደሆነ ታውቃለህ? እርሱም አውቃለሁ እያለ ይዋሻል። እናቱ ስትሞት መርከቡ መካከለኛው ባሕር ላይ ነበር፤ ወሬውን የሰማው ከተቀበረች በአሥረኛው ቀን ነው።

በሁለተኛው ዓመት የሆነ አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ለወጠው። ብቻዋን የምትጓዝ ቀጭን አሮጊት በየቀኑ ለሻይ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን ከላይኛው ሳህን ኬክ አነሣላት። አልፈልግም አለች። ይሄነው ባደገበት አገር እንግዳ በመጀመሪያው ግብዣ እሺ አይልም። ቸኩሎ የተቀበለ ሆዳም ይባላል። አንድ ጊዜ ጠይቆ የሚተው ጋባዥ ደግሞ ሳይወድ የጋበዘ ነው። ስለዚህ ደግሞ ጠየቃት። አሁንም አልፈልግም አለች። በሦስተኛው ብቻዋን መሆኗ አሳዝኖት፣ በሞቴ የሚለውን በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስላላወቀ፣ ኬኩን ራሱ ሳህኗ ላይ አስቀመጠላት።

አሮጊቷ በአስተያየት መስጫ ወረቀት ላይ አስተናጋጁ በግድ እንድበላ አደረገኝ ብላ ጻፈች። ይሄነው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠው። አለቃው ማሪሴል የምትባል ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ክፉ ሰው አልነበረችም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ አስቀርታ ባዶ ወንበሮችን እያስተናገደ እንዲለማመድ አደረገችው። አንዴ ጠይቅ። አልፈልግም ካለ ፈገግ በል። ሳህኑን አንሣ። ወደ ኋላ አትመልከት። ይሄነው ተማረ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንንም ሁለት ጊዜ ሳይጠይቅ ኖረ፤ ሁለተኛ ደብዳቤም አልደረሰውም።

ያን የለመደ እጁን ይዞ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው።

በ2007 ፋሲካ ማግሥት፣ ቤቱ እንዳለቀ፣ ወደ ጥርባ ሄደ። አባቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቀርከሃ ይሰነጥቁ ነበር። መሬታቸውን በዚያው ሰሞን ድረስ እያረሰ ምርቱን እኩል እንዲያካፍላቸው፣ ለእኩል ሰጥተውት ነበር፤ ይሄነው ይህን ሲሰማ ሽምግልና ነው ብሎ አለፈው። ጥቂት ስለ ዝናብ ካወሩ በኋላ ቆሰበር ከእኔ ጋር መግባት ይፈልጋሉ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ደርበው ቢላዋቸውን ሳያቆሙ፣ እኔ ከተማ ምን ልሠራ፣ ይቅርብኝ ልጄ አሉ። ይሄነው እሺ አለ። ፈገግም አለ። ከዚያ በኋላ የግቢው አጥር መታደስ እንዳለበት ማውራት ጀመረ። ሽማግሌው ቀና ብለው ለአፍታ አዩት፤ ከዚያም ወደ ቀርከሃቸው ተመለሱ።

ዳግመኛ አልጠየቃቸውም። በየሁለት እሑዱ ስኳርና ሳሙና ይዞ ይሄዳል፤ ማታ ወደ ሁለት ክፍሉ ይመለሳል። በአንደኛው ይተኛል፤ የሁለተኛውን ብርድ ልብስ ቅዳሜ ቅዳሜ ያራግፋል።

በ2010 ጥቅምት፣ ይሄነው የሚሠራበት ሆቴል ባለቤት አዝመራው አዲስ ነገር አሰበ። ከተማው ውስጥ ዩኒቨርሲቲ እየተከፈተ ነው፣ እንግዳ ይበዛል፣ መርከብ ላይ የሠራ ሰው ይዘን ለምን ጥብስና ፍርፍር ብቻ እንሸጣለን አለ። ዳንግላ ያለ በያጅ ይሄነው በወረቀት ላይ የሣለለትን ባለ ሦስት ሳህን መደርደሪያ ስድስት አድርጎ ሠራ። ብየዳው ባያምርም መደርደሪያው አይወላገድም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ብራንች፣ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ሻይ ሊቀርብ ተወሰነ። አዝመራው ለመጀመሪያው ቀን አርባ ሰው ጠራ።

ይሄነው አራቱን አስተናጋጆች ሁለት ሳምንት በባዶ ወንበር አሠለጠናቸው። ከአራቱ ምላሷ የማያርፈው ሸጋ ነበረች።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ከጠየቅን ማንም አይበላም እኮ» አለችው። «እንዲያውም ሳህን ተሸክመን ምን አደከመን? ከወጥ ቤት ሆነን ‹ትበላላችሁ ወይ?› ብለን ብንጮህ አይሻልም?»

ሌሎቹ ሳቁ። ይሄነው ይለምዱታል አላት።

ሐሙስ ከሰዓት ድረስ ደወለ። ድረስ ወሬ የሚያስረዝም ሰው አልነበረም።

«አባትህ እሑድ ሊመነኩሱ ነው» አለ። «ለይሄነው ንገረው ብለውኛል።»

«ሌላስ ምን አሉ?»

«ሌላ የለም። ንገረው ነው ያሉኝ።»

ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ቆብ መድፋቱ በአገሩ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ከምትሠራ ጎጆ ወጥቶ ልጁ ዘንድ አይኖርም። ያ ክፍል ባዶውን ይቀራል ማለት ነው። ይሄነው ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው። አፉ ግን ሰባት ዓመት የለመደውን መለሰ።

«እሳቸው ከፈለጉ መልካም ነው።»

«መልካም ነው ልበላቸው?»

«አዎ።»

«እሺ» አለ ድረስ፤ ስልኩን ግን ወዲያው አልዘጋውም።

ይሄነው ለእሑድ ፈቃድ ጠየቀ። አዝመራው አርባ ሰው ጠርቼ ዛሬ ትለኛለህ፣ አባትህ እንደሆኑ የትም አይሄዱብህ አለው። ይሄነው ይህንንም አንዴ ጠይቆ ተወው።

እሑድ ሰማዩ ጠራ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ የመጡ ሽማግሌዎች፣ መምህራን፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ወንበሩን ሞሉት። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ እንቁላል በቃሪያ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ጥብስ፣ ነጭ ማር፣ ትኩስ ዳቦ። አስተናጋጆቹ እንደተማሩት ጎንበስ ብለው ልጨምርልዎ ወይ እያሉ ጠየቁ። እንግዶቹ እንዳደጉበት ይበቃኛል አሉ። አስተናጋጆቹ ፈገግ ብለው ሳህኑን አነሡ። በከተማው ከተደረገ ግብዣ ሁሉ እጅግ በፀጥታ ያለፈው ይህ ሳይሆን አይቀርም። በሰባት ሰዓት ተኩል ወጥ ቤቱ በግማሽ የተበሉ ሳህኖች ተሞልቶ ነበር፤ አዳራሹ ደግሞ እጃቸውን አጣምረው ግድግዳ በሚያዩ ሰዎች።

ከዳንግላ የመጡ እትዬ ዘውድነሽ የሚባሉ የቅቤ ነጋዴ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ይሄነውን በጣታቸው ጠሩት።

«ይህን የት ነው ያስተማሩህ ልጄ?»

«መርከብ ላይ ነው እትዬ።»

«መርከቡ ላይ ሰው ርቦት ነው የሚወርደው?»

ጠረጴዛው ሳቀ። ይሄነውም ፈገግ አለ። እትዬ ዘውድነሽ ግን ሳቁ ሲያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምግባችሁ እንከን የለውም። ግን አንዴ ትሉና ታነሣላችሁ። ሰው ይህን የሚያደርገው እንግዳው ቢሄድለት ሲወድ ነው። እኔ ይቅርብኝ ያልኩት እኮ ብሉ እስክባል ነው።»

ይሄነው በክንዱ ላይ የነበረውን ነጭ ፎጣ ወስዶ በአራት አጠፈው፤ ከዚያም በስምንት። ቀርከሃ ሲሰነጠቅ የሚያሰማው ድምፅ ትዝ አለው፤ ቀና ብለው ለአፍታ ያዩት ዓይኖችም። መሬቱ ለእኩል የተሰጠው ለምን እንደነበረም ገባው። መሬቱን ለሰው የሰጠ ገበሬ ከቤቱ ሊወጣ የተሰናዳ ሰው ነው። ሐሙስ ዕለት ንገረው ብቻ የተባለውም ወሬ አልነበረም። ቆብ ሊደፋ ያለን አባት ልጁ ሮጦ ይይዘዋል፤ እግሩ ላይ ይወድቃል፤ ተው ይለዋል። እርሱ መልካም ነው አለ።

ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ለሸጋ እንደፈለግሽ አስተናግጂ፣ ለምኚ፣ አጉርሺ አላት። ለመነኩሴ የሚሆን ስጪኝ ስላላትም፣ ለሻይ ሰዓት ከተዘጋጁት ሳንድዊቾች ቅቤ ያልነካቸውን ኪያር ያለባቸውን በቆርቆሮ ሳህን ሞልታ በፎጣ ቋጠረችለት። የት እንደሚሄድ አልጠየቀችውም። አዝመራው በሩ ላይ ምን እንዳለው ይሄነው በኋላ ማስታወስ አልቻለም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቅ አልሆነለትም፤ ባጃጅ ኮንትራት ያዘ። ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ በዘንገና አጠገብ አለፈ። ሐይቁ በጉድጓዱ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። ከመንገዱ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ሲሄድ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር።

ድረስን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ፣ ከጥዱ ሥር ነው። የእንግዶች ጠላ የቀረበበትን እንስራ ሊመልስ ተሸክሞ ይወጣ ነበር። እንስራውን አስቀመጠ።

«አሁን መጣህ» አለ።

ሥርዓቱ ያለቀው አራት ሰዓት ላይ መሆኑን ነገረው። ቅዳሴው እንዳበቃ ሥርዓቱን የሚፈጽሙት መነኩሴ ሊጀምሩ ሲሉ፣ ጥቂት ይቆይ፣ ከቆሰበር መኪና የሚመጣበት ሰዓት ነው ያሉት አቶ ደርበው ራሳቸው ናቸው። መኪናው መጣ። ሁለት ሴቶችና አንድ ጆንያ ድንች ወረደ። ከዚያ በኋላ ጀምሩ አሉ።

ጎጆዋ አዲስ ናት፤ ጭቃዋ ገና በደንብ አልደረቀም። አባቱ መደቡ ላይ፣ አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። አዲሱ ቆብ ወደ ግንባራቸው ይንሸራተታል፤ በየጊዜው በአውራ ጣታቸው ይመልሱታል። ይሄነው ጉልበታቸውን ሳመ። ቁጭ ሳይል ተናገረ።

«አባ፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

«የትኛው ቤት?»

«ቆሰበር። ክፍሉ የእርስዎ ነው።»

«አይ ልጄ። እዚህ ይሻለኛል።»

«አይሻልዎትም። እርጥብ ነው፣ ይበርዳል። ይነሡ።»

«ተወኝ አልኩህ እኮ።»

«በሞቴ አባ።»

ሦስተኛው ይህ ነበር። ይሄነው ከሦስተኛው በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ርዝመት ረስቶት ኖሯል። ሽማግሌው ቆባቸውን መለሱ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ይህን ሐሙስ ብትለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ድረስ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ‹መልካም ነው አለ› አለኝ። እኔም መልካም ከሆነ መልካም ነው አልኩ።»

«የፋሲካ ማግሥትስ?»

«የፋሲካ ማግሥትማ ሻንጣ መያዝ ብቻ ነበር የሚቀረኝ። አንተ ስለ አጥሩ ታወራለህ።» በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ እንዲያውም ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ነበረበት። «አሁን ግን ሞቻለሁ። ጠዋት ፍትሐት ተደርጎልኛል። የሞተ ሰው ከተማ ገብቶ ተከራይ አይሆንም።»

ይሄነው የዚህን እምቢታ ዓይነት ወዲያው ለየው። የሚለመንበት እምቢታ አልነበረም። መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ የያዘው ቋጠሮ ትዝ ያለው ቆይቶ ነው። ፎጣውን ፈታ።

«ምንድን ናት?»

«መርከቡ ላይ በሻይ ሰዓት የሚበሉት ነው። ቅቤ የለውም። ይቅመሱ።»

«በልቻለሁ።»

«ትንሽ ነው አባ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«አፈር ስሆን።»

ሽማግሌው አንዷን በሁለት ጣት አንሥተው ወደ በሩ ብርሃን ዘረጓት፤ አገላብጠው አዩአት፤ ጎረሷት። ጥርስ በሌለበት በኩል ቀስ ብለው አላመጡ።

«ዘጠኝ ዓመት ባሕር ላይ ያስቀመጠችህ ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ለማን ትበቃለች?» አሉ፤ ይሄነውም ሌላ አንሥቶ አጎረሳቸው። አራት በሉ። ሰዓቱ አሥር ነበር። ከውጭ የደውል ድምፅ ሳይሆን የንብ ድምፅ ነበር የሚሰማው።

ፀሐይዋ ከጥዶቹ ጀርባ ስትወርድ ይሄነው ተነሣ። አባቱ ሊመሽብህ ነው፣ እደር አሉት። እርሱም እንደ አገሩ ሰው፣ አይ አባ ልሂድ አለ፤ ከዚያም በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። አቶ ደርበው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል ተመለከቱ።

«ደግሜ አልልህም» አሉት። «ቤቱ የእኔ አይደለም። በሰው ቤት እንግዳ አይለመንም።»

ቆሰበር ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛውን ክፍል ከፍቶ በጨለማው ውስጥ ዝቅ ያለው አልጋ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ወደ ደረቱ ተጠጋ፤ አልጋው ለእርሱ እንዳልተሠራ ያወቀው ያኔ ነው። ተቀመጥ እንዳልተባለ እንግዳ ጥቂት ቆይቶ ወጣ።

ሆቴሉ ውስጥ ብራንቹ ቀጠለ። ሸጋ ነጠላ እየጎተተች፣ እየማለች፣ እያጎረሰች ታስተናግዳለች፤ ባዶ ሳህን እንጂ ግማሽ ሳህን ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። አዝመራው ይሄነውን ሁለት ቀን አኩርፎት ተወው። ባለ ሦስት ሳህኑ መደርደሪያም በአሥር ሰዓት ይወጣል፤ የሻይ እንግዳ ግን ጥቂት ነው፤ አንዳንዴ ይሄነው ብቻውን ባዶ ወንበሮቹን ያያል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርድ ልብሱን እንደ ወትሮው አራገፈው። ወደ አልጋው ግን አልመለሰውም። አጥፎ በገመድ አሰረውና ከበሩ ሥር አኖረው፤ የጎጆዋ ጭቃ ገና አልደረቀም። አባቱ አልፈልግም እንደሚሉ ያውቃል። ስንት ጊዜ እንደሚሉም ያውቃል።